መመለሻው

ካፒቴኑ በስልክ ገና ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ የጠየቁኝ ስለ መመለሻችን ነበር። «ማታ ስንት ሰዓት ላይ መሬት መርገጥ አለባችሁ?» አሉኝ። እኔ ወረቀት ላይ አስፍሬ የጠበቅኋቸው ስንት ሰዓት እንደምንነሣ፣ ስንት ሰው እንደምንሆን፣ ደሴቲቱ ላይ ምን ምን ማየት እንደምንፈልግ ነው። ወረቀቱን አገላበጥኩት፤ ስለ መመለሻ የጻፍኩት አንድም መስመር የለም። ዕድሜያቸውን በዚሁ ባሕር ላይ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዝም ማለቴ ገባቸው መሰለኝ፣ «ባሕር ላይ ከማታው ተነሥተን ወደ ጠዋቱ ነው የምንቆጥረው» አሉኝ።

የምንሄደው ወደ ፖንዛ ነው። ከሮም በስተ ደቡብ፣ በጣሊያን ምዕራባዊ ባሕር ላይ ያለች፣ ስፋቷ ሰባት ካሬ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነች፣ ቀጭንና ጎባጣ ደሴት ናት። እኛ ከምንነሣበት ከሳን ፌሊቼ ቺርቼኦ ወደብ እስከ ፖንዛ ወደብ 20 የባሕር ማይል ያህል ነው፤ በየብስ መለኪያ 37 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በበጋ ሮም ውስጥ ጀልባ ያለውም፣ ጀልባ ያለው ወዳጅ ያለውም ወደዚያ ይጎርፋል። ዐሥራ አምስት ዓመት ሮም ስኖር እኔን ወደዚያ የሳበኝ ነገር አልነበረም። የሳበችኝ እናቴ ናት።

እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ደብረ ማርቆስ ነው። ሰኔ ላይ ልትጠይቀን መጥታ፣ ሦስተኛ ቀኗ ላይ እራት እየበላን ሳለ፣ እጇን ከትሪው ላይ ሳታነሣ «ራስ እምሩ የታሰሩባት ደሴት ከዚህ ትርቃለች?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከአዲስ አበባ ይዛው እንደ መጣች ከአነጋገሯ ያስታውቃል። የአባቷ ታላቅ ወንድም ከራስ እምሩ ጦር ጋር ከጎጃም ተነሥቶ ሽሬ ዘምቶ ነበር። በየካቲት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በሆነው ውጊያ ይሙት፣ በማፈግፈጉ መንገድ ላይ ይውደቅ፣ የነገራቸው ሰው የለም። እናቴ ያደገችው በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና በምትል አያት ቤት ውስጥ ነው።

ራስ እምሩ ከሽሬ በኋላም አልቆሙም። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ እንደራሴ ሆነው ጎሬ ላይ ተቀመጡ፤ የቀረውን ሠራዊት እየመሩ ምዕራቡን ዞሩት፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከብበው እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ከታሰሩባቸው ስፍራዎች አንዷ ፖንዛ ናት። ነፃ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው።

እንግዲህ ጉዞው እንዲህ ተጀመረ። በመጀመሪያ ያሰብኩት በሕዝብ መርከብ መሄድ ነበር። ከፎርሚያ፣ ከቴራቺናና ከአንዚዮ ወደ ፖንዛ የሚመላለሱ መርከቦች አሉ፤ ጉልበቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በእነሱ ቢሄድ ገንዘቡንም ሐሳቡንም ያተርፋል፤ ይህን ለጠየቀኝ ሁሉ እላለሁ። የእናቴ ጉልበት ግን ደረጃ አይወድም፤ ሰልፍ ላይም አያቆማትም። ሌላም ምክንያት ነበረን። በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል ኪያያ ዲ ሉና የሚሉት፣ መቶ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ነጭ ገደል አለ። ድንጋይ ስለሚናድበት በእግር የሚያወርደው መንገድ ለዓመታት ተዘግቶ ኖሯል። ገደሉን በእውነት የሚያየው ከባሕሩ ላይ ሆኖ ቀና ያለ ሰው ነው።

ጀልባ ፍለጋ ኮምፒውተር ከፈትኩ። የመጣልኝ ዝርዝር በአብዛኛው ጎሞኔ የሚሉት ነበር፤ የጎማ ጀልባ። ፈጣን ነው፤ ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ከኋላው ተንጠልጥሎበታል፤ ከሌላው ጀልባ ሁሉ ይረክሳል። ባለቤቴ ቡና ይዛልኝ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ፎቶግራፉን አየችው። ሲኒውን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖረችና ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። የዚያን ዕለት ማታ ስለ ጉዞው ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ባለቤቴ ይህን ባሕር ያቋረጠችው ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ ከሊቢያ ተነሥታ ላምፔዱዛ ድረስ፣ በጎማ ጀልባ ነው። ስለዚያ ሌሊት የምታወራው ጥቂት ነው፤ የምታወራው ጥቂቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለ ቤንዚኑ ነው። በጄሪካን የተጫነው ቤንዚን ይፈስሳል፤ ከገባው የባሕር ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። ወንዶቹ ጠርዝ ጠርዙን ይይዛሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት መሐል ላይ፣ እዚያ ውኃ ውስጥ ይቀመጣሉ። ውኃው ቀስ እያለ ቆዳ ይልጣል። በግራ ጭኗ ላይ መዳፍ የሚያህል ጠባሳ አላት። ዛሬም ድረስ ለመኪናችን ነዳጅ ስንቀዳ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች። እኔ ይህን እያወቅሁ ያንን ፎቶግራፍ እንዴት ከፊቷ ከፍቼ እንደ ተቀመጥኩ አሁንም ይቆጨኛል።

በማግስቱ ለካፒቴኑ ደወልኩና ቤንዚን የማይሸትባት ጀልባ እንደምፈልግ ብቻ ነገርኳቸው። በናፍጣ የምትሠራ፣ ሞተሯ ከወለሉ በታች የተቀመጠ፣ ዘጠኝ ሜትር የምትረዝም፣ ከፀሐይ የምትከልል ጣሪያ ያላት ጀልባ እንዳለቻቸው ነገሩኝ። ከጎማ ጀልባዎቹ በፍጥነት ታንሳለች፤ በሰዓት 14 የባሕር ማይል ብትሄድ ነው፤ ስለዚህ መሄጃው አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ማዕበል ሲመታት ግን እንደ ጎማዋ ዘልላ አትወድቅም፤ ውኃውን ሰንጥቃ ትሄዳለች። ለእናቴ ወገብም የምትስማማው እሷ ናት። ፍጥነት ለአንድ ቀን ጉዞ የሚመስለውን ያህል ጥቅም የለውም።

ከካፒቴኑ በፊት ሌላ አከራይ አነጋግሬ ነበር፤ ስሙን ማንሣት አልፈልግም። ራሴው የምነዳት ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ጀልባ ሊሰጠኝ ተስማምቶ፣ «ደሴቲቱ ከዚህ ትታያለች፤ ፊት ለፊት መሄድ ነው» አለኝ። ቀብድ ልልክ ጥቂት ሲቀረኝ ሕጉን አነበብኩ። ጣሊያን ውስጥ የዚያን ያህል ጉልበት ያለው ሞተር ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት ይቻላል፤ ከባሕር ዳርቻው 6 ማይል እስካልራቁ ድረስ። ፖንዛ የምትርቀው የዚያን ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሰባ አራት ዓመት የሆናትን እናቴንና ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጄን ጭኜ፣ ያለ ፈቃድና ያለ ዋስትና፣ መሐል ባሕር ላይ ልገኝ ነበር። ዋጋው ረከሰ ብላችሁ እንዲህ ያለ ጀልባ ልትከራዩ የምታስቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ቀጥሎ የመጣው የነፋስ ትምህርት ነው። እዚህ ነፋስ ሁሉ ስም አለው። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ማኤስትራሌ፣ ከምዕራብ የሚመጣው ፖኔንቴ፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ሊቤቾ፣ ከደቡብ ምሥራቅ ሙቀትና እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ሺሮኮ፣ ከምሥራቅ የሚመጣው ሌቫንቴ ይባላል። የፖንዛ ወደብ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ስለሆነ ሌቫንቴ ሲነሣ እዚያ ማደር ፈተና ነው። ነጩ ገደል ያለው ደግሞ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ፖኔንቴና ሊቤቾ ሲነፍሱ አይቀረብም። በበጋ ጠዋት ባሕሩ ይረጋል፤ ከቀትር ወዲህ የብስ ሲሞቅ ከባሕሩ ነፋስ ይነሣል፤ አመሻሽ ላይ ይበርዳል። ካፒቴኑ ይህን ሁሉ በስልክ ሲያስረዱኝ ድምፁን ከፍቼው ስለነበር እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እየተረጎምኩላት አዳመጠች። «ጸባያቸውን ለይተው ያውቋቸዋል ማለት ነው፤ እንደ በሬ» አለች። ካፒቴኑ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እናትህ ባሕር አይተው አያውቁም?» አሉ ደጋግመው፤ አላመኑኝም።

ሐምሌ ላይ አንድ ጊዜ ተዘጋጅተን ቀርተናል። ስንቁ ተቋጥሮ፣ ልጃችን የዋና ልብሷን እንደ ለበሰች ተኝታ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ካፒቴኑ ደወሉ። ማኤስትራሌ ተነሥቷል፤ ሁለት ቀን ይቆያል፤ አንሄድም። እኔ ተከፋሁ፤ ልጃችን ጠዋት አለቀሰች። እናቴ ግን ቋጠሮውን እየፈታች «እንዲህ ያለ ሰው ነው እንጂ የሚታመን» አለች። ቀብዱንም ሳንጠይቃቸው ለሚቀጥለው ቀን አዛወሩት።

አዲሱን ቀን የመረጠችው እናቴ ናት። ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛል። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ባዶ ሆድ ይዞ ጀልባ ላይ መውጣት ደግሞ ማጥወልወልን መጥራት ነው። ፍልሰታ እስኪፈታ ጠበቅን። ሐሙስ ነሐሴ 29 ቀን የሚል ቀን አወጣንና ስነግራት «በዓለ ወልድ ነው፤ መልካም ቀን ነው» ብላ አጸደቀችው።

ከዚያ ካፒቴኑ እንዳሉት ከማታው ተነሥተን ቆጠርን። ሰዓቱን የምጽፈው በእናቴ አቆጣጠር ነው። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ነው። ጀልባዋ ሳን ፌሊቼ ወደብ 11 ሰዓት ላይ እንድትታሰር ይፈልጋሉ፤ ባሕሩ ቢቆጣና ጉዞው ቢዘገይ እንኳ ብርሃን ሳለ መግባት እንዲቻል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ትርፍ ይዘን ከፖንዛ 8 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት አለብን። ስለዚህ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይበላል። ስለዚህ ገደሉን የምናየው ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ ነው። ስለዚህ ከወደብ 1 ሰዓት ላይ እንነሣለን፤ ከሮም ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ። በደሴቲቱ አጠገብ የምትገኘው ፓልማሮላ በጣም ውብ ናት ይላሉ፤ እሷን እንድንጨምር ልጃችን ለምናኝ ነበር። እንቢ አልኩ። በአንድ ቀን ሁለት ደሴት የዞረ ሰው የሚያየው የጀልባውን ወለል ነው።

ካፒቴኑ በስልክ ነዳጁን ሲያሰሉ ባለቤቴም ጠረጴዛው አጠገብ ነበረች። በስሌታቸው ደርሶ መልስና ደሴቲቱን በከፊል መዞር 85 ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ የሚጭኑት ግን 130 ሊትር ነው። ደንባቸው አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛ ለማይታወቀው የሚል ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባለቤቴ የጻፍኩትን ቁጥር ጎትታ አየችው። «የእኛ ጀልባ የተሰጣት ለመሄጃ ብቻ ነበር» አለች። «እሱም የሚያደርስ አልነበረም። የሞላላትም ሰው ያውቀው ነበር።» ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ። ምን እንደምላት አላወቅኩም፤ እጇን ያዝኩ።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ስለ ራስ እምሩ የማነበውን ሁሉ የማነበው በዚህ ዓይን ሆኗል። ያችን ደሴት ለእስር የመረጧት ሰዎች ቁጥሩን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ 20 ማይል ውኃ ካለ ሌላ አጥር አያስፈልግም። ዘዴው የፋሺስቶቹ ብቻ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሮም ነገሥታት የገዛ ዘመዶቻቸውን ሳይቀር ወደ ፖንዛና ወደ ጎረቤቷ ቬንቶቴኔ ያግዙ ነበር። የፖንዛ ሰዎች ጠባቂያችን የሚሉት ቅዱስ ሲልቬሪዮስ በስድስተኛው መቶ ዓመት ተግዞ የሞተ የሮም ጳጳስ ነው፤ በየዓመቱ ሰኔ 13 ቀን ምስሉን በጀልባ አሳፍረው ባሕሩን ያዞሩታል። ሙሶሊኒም እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ተቃዋሚዎቹን በፖንዛ ያከማች ነበር።

እናቴን ከሁሉ በላይ ያስገረማት ግን ቤቱ ነው። ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ በተያዘ በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 21 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ በጦር መርከብ ፖንዛ አመጡት። ያስገቡት ሳንታ ማሪያ በሚባለው ሰፈር፣ ቀደም ሲል ራስ እምሩ በታሰሩበት ቤት ውስጥ ነው። በማግስቱ ስድሳ ዓመት ሞላው። በጎልማሳነቱ የትግል ጓደኛው የነበረው፣ ኋላ ግን በጠላትነት ያሳደደው ፒዬትሮ ኔኒም በዚያው ሰዓት በዚያችው ደሴት ግዞተኛ ነበር። ሙሶሊኒ ከዐሥር ቀን በኋላ ወደ ሌላ ደሴት ተወሰደ። ይህን ስነግራት እናቴ በደስታ ፍርድ ትሰጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብዙ ዝም ብላ ቆይታ፣ «እሱ ዐሥር ቀን ነው የተቀመጠው፤ እሳቸው በዚያ መስኮት ስንት ቀን አይተው ይሆን?» አለች።

ካፒቴኑ ሰፈሩን ያውቁታል። ወደ ወደቡ ስንገባ በስተ ቀኝ በኩል ይታያል፤ ዝግ ብለው እንደሚያልፉበት ቃል ገብተውልኛል። ወደቡ ላይ ማሰሪያ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው፤ ያዝን። ጀልባዋ በኋላዋ ወደ ግንቡ ተጠግታ ጠፍጣፋ መረማመጃ ትዘረጋለች፤ እናቴ በዚያ ላይ ሁለት እርምጃ ትራመዳለች። ልጃችን ኮሪደሩ ላይ ሳንቃ ዘርግታ አያቷን ሦስት ጊዜ አለማምዳታለች። ከወደቡ ጥግ ሮማውያን ዐለቱን ፈልፍለው ዓሣ ያረቡበት የነበረ ዋሻ አለ፤ ያገሩ ሰዎች የጲላጦስ ዋሻ ይሉታል። እናቴ ጲላጦስ የሚለውን ስም ስትሰማ አማተበች፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ይታሰባልና። እሱም በዝርዝሩ ገባ።

ምሳውን በተመለከተ ምግብ ቤቱ ከደሴቲቱ የታወቁ ምግቦች አንዱ የቺቸርኪያ ሾርባ መሆኑን ነገረን። ቺቸርኪያ ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ፎቶግራፉን ፈልጌ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ወደ ብርሃኑ አቀረበችና «ጓያ ነው!» አለች። እውነቷን ነው፤ ያው ጓያ ነው። በልጅነቷ ድርቅ በሆነ ዓመት ጓያ ብቻ በልተው እግራቸው የተሽመደመደ ጎረቤቶች ነበሯት። «ራስ እምሩንም ይህን አብልተዋቸው ይሆናል» ብላ ተክዛ ቆየች። ዘፍዝፈው፣ ውኃውን ደፍተው፣ ከሌላ እህል ጋር ካበሉት ጉዳቱ እንደሚቀንስ የምታውቀው እሷ ራሷ ናት። ቢሆንም ቆሎ በከረጢት አዘጋጅታለች፤ ሾርባውን አየዋለሁ እንጂ አልቀምሰውም ብላለች።

አንድ ሥራ ቀርቶን ነበር። ካፒቴኑ መሬት ላይ የሚቀር፣ መመለሻችንን የሚጠብቅ ሰው እንዲኖር ይፈልጋሉ፤ የምንነሣበትን፣ የምንሄድበትንና የምንመለስበትን ሰዓት የያዘ ወረቀት በእጁ የሚይዝ፣ ከ11 ሰዓት ብዙ ካለፈ ወደ ባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ወደ 1530 የሚደውል ሰው። ባለቤቴ «እኔ ነኝ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። ከመጀመሪያውም እንደማትሳፈር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አልተነጋገርንበትም። ወረቀቱን በራሷ እጅ ገልብጣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። የጀልባዋን ቀለምና ርዝመት ጽፋለች፤ የካፒቴኑን ስልክ፣ የእያንዳንዳችንን ስም፣ የምንለብሰውን ልብስ ቀለም ሳይቀር።

ዛሬ ረቡዕ ነው። እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ከቆሎው ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተኝታለች። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ካፒቴኑ ዘንድ እንድደውልላት ጠይቃኝ ስልኩን ወስዳ ራሷ አነጋገረቻቸው። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቶቹ ስንት እንደሆኑ፣ መቼ እንደ ተፈተሹ፣ የልጅ ልክ መኖሩን፣ የት እንደሚቀመጡ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ እንደሆኑ ወይም እጅ በሚደርስበት ቦታ እንደሆኑ ጠየቀች። ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች። ወደብ ድረስ ሸኝታን እንደምትመለስ፣ ወይም እንደማትመለስ፣ ጠዋት እንደምታየው ነገረቻቸው።

አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። የካፒቴኑ መልእክት ደርሶኛል። ነፋሱ ደካማ ነው፣ ከሰሜን ምዕራብ፤ ባሕሩ እስከ ቀትር ይረጋል፤ 130 ሊትር ተሞልቷል። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፦ «አራት ጃኬት አዘጋጅቻለሁ።» ስልኩን ለባለቤቴ አሳየኋት። አነበበችው፤ ቆየችበት። ከዚያ የማንቂያውን ሰዓት ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሞልታ ትራሷ አጠገብ አኖረችው።